እንጣጥ የተባለችው መኪና

አንድ ሰው ነበረ። ከከተማ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ፍል ውሃ ሹፌር ነበረ። ስሙን ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን ዓይን አፋር ሰው ነው፣ በየደረሱበት ስሜን አነሱት ብሎ ይቀየመኛል። ሹፌሩ እያልን እንለፈው።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም፣ ሲስተር የትምወርቅ። ዕድሜሽን በሆስፒታል የሰው ሕመም ስትሸከሚ ኖርሽ። ልጆችሽን ለብቻሽ አሳድገሽ ዳርሽ። እናትሽን አስታመሽ በክብር ቀበርሽ። አሁን ጡረታ ወጣሽና አገር ምድሩ «አረፍሽ» ይልሻል። አንቺ ግን ዕረፍት አጥተሽ ነው የመጣሽው። ኩባያ ሲወድቅ ትደነግጫለሽ፣ በሩ ሲንኳኳ ልብሽ ይመታል፣ ከአራሷ ጎረቤትሽ ጋር እንኳ ስለ አጥር ቅጠል ትጣያለሽ። «ያን ሁሉ ተሸክሜ ያልተንቀጠቀጥኩ ሴት፣ ሸክሜ ሲወርድልኝ ለምን ተንቀጠቀጥኩ? ጉልበቴ አለቀ ማለት ነው?» አልሽኝ። መልሱ ያለው ሹፌሩ ዘንድ ነው። የማወራሽ ስለ መኪና ባሌስትራ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ምን አገናኘው ትይኛለሽ። ታገሺኝ።

ፍል ውሃው ያለው ከገደል ሥር ነው። ከግቢው በር እስከ መታጠቢያው ገንዳ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ መንገዱም ኮብልስቶን ነው፣ ያውም አንጣፊዎቹ እርስ በርስ ተጣልተው ያነጠፉት የሚመስል። ወደዚያ የሚመጣው ሰው ደግሞ ጉልበቱን ያመመው፣ ወገቡ አልታዘዝ ያለው፣ በክራንች የሚሄደው ነው። እንግዲህ እግሩን ለማዳን የመጣ ሰው መጀመሪያ በዚያው እግሩ ያን መንገድ መውረድ ነበረበት። የፍል ውሃው ባለቤት የሆነችው ሴት ይህን አይታ አንዲት የጎልፍ መኪና ገዛች። እኔ በዕድሜዬ ጎልፍ ሲጫወት ያየሁት ሰው የለም፤ መኪናዋ ግን ጨዋታውን ቀድማ አገራችን ገብታለች። በባትሪ ትሄዳለች። በር የላትም። ጣሪያዋ በቋሚዎች ላይ የተዘረጋ ጥላ ነው በይው። ከሹፌሩ ጎን አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ከበስተኋላው አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ፊቱን ወደኋላ ያዞረ ሌላ አግዳሚ አለ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አያይም፤ ከየት እንደተነሣ ብቻ ነው የሚያየው።

ሹፌሩ ሥራውን ይወደው ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የሚያነክስ ሰው ሁሉ ዘመዱ ነበር ማለት ትችያለሽ። ማን በቀኝ እግሩ እንደሚወጣ፣ ማን ክንዱን መያዝ እንደሚጠላ፣ ማን ወሬ እንደሚፈልግ ያውቃል። ግን መኪናዋ የተሠራችው ለስላሳ ሣር ላይ ሁለት ሰውና አንድ ከረጢት ዱላ ይዛ እንድትንሸራሸር ነው። እዚህ የጠበቃት ሌላ ነው። ሰፋ ያሉ እመቤቶች፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንቶች፣ በዚያ ላይ ውሃውን ለቤት የሚቀዱበት ጀሪካን። ሁሉም ሲሳፈሩ የኋላዋ ቁጭ ይላል። ጎማው ከላዩ ካለው ፓራፋንጎ ጋር እየተፋተገ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ሆዷ ከድንጋዩ ጋር ይጋጫል። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ሹፌሩ አቁሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ግማሾቻችሁ ውረዱልኝ ማለት ነበረበት።

ሁልጊዜ የሚወርደው ደግሞ ጨዋው ነው። ጎረምሳው ስልኩን እያየ ይቀመጣል፤ በክራንች የሚሄደው ሰውዬ «እኔ ልውረድ» ይላል። ክራንቹን ድንጋዩ ላይ እየፈለገ ሲያሳርፍ ሹፌሩ ማየት እየከበደው ፊቱን ያዞራል። የፍል ውሃው ሰው መኪናዋን ቁጢጥ ብሎ ስም አወጣላት። ሹፌሩ ያን ስም በሰማ ቁጥር እሱን የሰደቡት ያህል ያመው ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ባለቤቲቱን አስፈቅዶ ከተማ ወጣና ባሌስትራ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ወሰዳት። ባሌስትራ ማለት ከመኪና በታች ተደራርበው የታሰሩ ጎበጥ ያሉ ብረቶች ናቸው። ክብደት ሲያርፍባቸው ዝርግ ይላሉ፣ ሲነሣላቸው ተመልሰው ይጎብጣሉ። መኪና መንገዱን የሚችለው በእነሱ ነው። ሠራተኛው ከሥር ገብቶ አየና ሳቀ፤ ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው አለ። ቀጥሎ ምን እንደሚጭንባት ጠየቀው።

«የመጣውን ሰው ሁሉ» አለ ሹፌሩ።

«እንግዲያው የመጣውን ሰው ሁሉ ጫንባት» አለ ሠራተኛው። ወረፋ የሚጠብቀው መኪና ብዙ ነበርና ሌላ ቃል ሳይጨምር ወደ ሥራው ገባ። የቀድሞውን ፈታ፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና ከወረደ ባሌስትራ ቆረጠ፤ በእሳት አግሎ ቀጠቀጠ፤ ወፍራምና ድርብ አድርጎ አሰረላት። መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ የኋላዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የልጅነት ጓደኞቿ ቢያዩዋት አያውቋትም።

የዚያ ሰሞን ደስታ ልዩ ነበር። መኪናዋ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጀሪካን ጭና መታጠፊያውን ዝም ብላ አለፈችው። ማንም አልወረደም። በክራንች የሚሄደው ሰውዬ ገንዳው ድረስ ተቀምጦ በደረሰ ጊዜ ሁለቱንም ክራንቾቹን ወደ ሰማይ አንሥቶ ሹፌሩን መረቀው። ሹፌሩ ከዚያ ወዲህ እያፏጨ ነበር የሚነዳው።

ችግሩ የመጣው ከጥጋብ ነው። ባለቤቲቱ መኪናዋ እንዲህ ቀና ማለቷን ስታይ የእሷም ልብ አብሮ ቀና አለ። ነጭ ቀለም አስቀባቻት። ባለ ጥልፍ ትራስ አሠራችላት። ከዛሬ ጀምሮ ለክብር እንግዳ ብቻ ናት፣ እሱም ሳይጣበብ ለብቻው ነው የሚሄደው አለች። ክፉ ሴት እንዳትመስልሽ። ጥሩ ዕቃ ያገኘ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው፤ አንቺም የማትበይበት ሳህን ቁምሳጥን ውስጥ ሳይኖርሽ አይቀርም። ጉልበታቸውን ያመማቸው ሰዎች ግን እንደ ድሮው በእግራቸው መውረድ ጀመሩ።

መጀመሪያ የተሳፈረው የክብር እንግዳ አንድ ቀጭን ነጋዴ ነበር፤ በእጁ የማንጎ ጭማቂ ይዟል። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ መኪናዋ እንጣጥ አለች። ሁለተኛው ላይ ደገመችው። ገንዳው ጋ ሲደርሱ ጭማቂው ከብርጭቆው ወደ ሸሚዙ ተዛውሮ አልቋል። ሌላው እንግዳ ምላሱን ነከሰ። የአንዲት እመቤት ባርኔጣ ገንዳው ውስጥ ተገኘ። ሰው ስም ለማውጣት መቼም አይሰንፍም፤ ቁጢጥ የነበረችው መኪና በማግሥቱ እንጣጥ ተባለች።

ሹፌሩ ግራ ገባው። ጥፋቱን ከራሱ ፈለገ። ቀስ ብሎ ነዳት፤ ዘለለች። ከጎማዋ ነፋስ ቀነሰ፤ ዘለለች። ትራስ ላይ ትራስ ደረበ፤ ጊዜ ሳትወስድ እንግዳውን ከነትራሱ አዘለለችው። ያን ሁሉ ሸክም ዝም ብላ የቻለች መኪና አንድ ቀጭን ሰው እንዴት አልችልም ትላለች? ስትጫን ጤነኛ ነበረች፤ ሲቀልላት ታመመች። ልብ በይ ሲስተር፣ ያንቺ ጥያቄ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣለት። ግቢው ውስጥ ለግንባታ ከተከመረው አሸዋ በኬሻ ሞልቶ፣ ወደኋላ በዞረው አግዳሚ ላይ ደርድሮ፣ እንዳያስጠላ አንሶላ አለበሰው። መኪናዋ ወዲያው ጨዋ ሆነች። እንግዶቹ አመሰገኑ። እንዲያውም አንዱ ደግ እንግዳ በአንሶላ የተሸፈነውን ነገር አይቶ የታመመ ሰው መስሎት፣ ሲወርድ ዞሮ እግዜር ይማርዎ ብሎታል ይባላል።

ሹፌሩ ግን ሳቅ አልመጣለትም። አንድ ጠዋት አሸዋውን ጭኖ ሲወርድ ያ በክራንች የሚሄድ ሰውዬ ጥግ ይዞ አሳለፈው። ቅያሜ እንኳ አላሳየውም፤ እጁን አንሥቶ ሰላም አለው። ሹፌሩ ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ድረስ በስፖኪዮው እያየው ወረደ። አሸዋ በጥልፍ ትራስ ላይ ተቀምጦ ሰው በእግሩ ይሄዳል። ይህ ነገር ሆዱ ገባ።

ባለቤቲቱ ኬሻውን ያገኘችው በዚያው ሰሞን ነው። ብርቱ ቁጣ ተቆጣች። የአንዲት ሴት ልጇ ሠርግ ደርሷል፤ ሙሽሮቹም ከበሩ እስከ ድንኳኑ የሚወርዱት በዚህች መኪና ነው። አሸዋውን እንዲያራግፍ አዘዘችው። በሠርጉ ዕለት ከሙሽሮቹ በቀር አንድም ሰው እንዳይሳፈር አስጠነቀቀችው። መኪናዋ ልጄን ካንገላታች ያ ባሌስትራ ወልቆ የድሮው ይመለሳል፣ አንተም ሌላ ሥራ ትፈልጋለህ አለችው። ሹፌሩ ለእንጀራው ፈራ፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። ከዚያ ይልቅ ግን ያስጨነቀው ሌላ ነው። የድሮው ባሌስትራ ከተመለሰ ያ ሁሉ በሽተኛ እንደገና መታጠፊያው ላይ ውረድልኝ ሊባል ነው።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽሪት ከሲታ ናት፤ ሙሽራውም እንደሷ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ደህና ሰው አይወጣቸውም። መኪናዋ በአበባ ተሸፍናለች። ዘፋኙ፣ አጨብጫቢው፣ ሚዜው ሁሉ በእግሩ ሊከተል ተሰልፏል። በሩ ላይ ደግሞ የሙሽሪት አክስት ቆማለች፤ የባለቤቲቱ ታላቅ እህት ናት። እናቲቱ ሥራ ላይ ስትባክን ልጅቷን አዝላ፣ ፀጉሯን ሠርታ፣ ፊደል አስቆጥራ ያሳደገቻት ይህች አክስት ናት። ደርባባ፣ ግዙፍ ሴት ናት። ጉልበቷ አብጦ ያለ ከዘራ አትቆምም። በወንበር ተሸክመው ሊያወርዷት ቢሉ እምቢ አለች፤ በልጄ ሠርግ እንደ ቁምሳጥን አልሸከምም፣ እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ ሆኜ እልል እላለሁ አለች። እንዳለችውም እልል አለች። ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር።

ሹፌሩ መኪናዋን አስነሣ። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ እንጣጥ ስትል የሙሽሪት ዓይነ ርግብ አፏ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ላይ ሙሽራው ሙሽሪትን ትቶ የጣሪያውን ቋሚ አቀፈ። ዘፋኞቹ በሳቅ ዜማቸው ጠፋባቸው። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን አወረደ። ባለቤቲቱ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ተጫምታ ድንጋዩ ላይ እየተወላገደች ከጎን ትከተል ነበርና ፊቷ ጠቆረ። ዋናው ቁልቁለት ገና አልተጀመረም።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ወዴት እንደሚያይ ጠፍቶት ስፖኪዮውን አየ። እዚያ ውስጥ አክስትየዋ ከዘራዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። ያን ጊዜ የባሌስትራ ሠራተኛው ቃል ትዝ አለው። የመጣውን ሰው ሁሉ ጫንባት ነበር ያለው።

መኪናዋን ወደኋላ አስነሣት። ቲጥ ቲጥ እያለች፣ ሙሽሮቹን እንደያዘች፣ ዘፋኙን ግራና ቀኝ እየከፈለች ወደ በሩ ሽቅብ ተመለሰች። ሚዜዎቹ ሙሽሪት ሐሳቧን የቀየረች መስሏቸው ቀለማቸው ጠፋ። ባለቤቲቱ መጀመሪያ በእጇ፣ ቀጥሎ በዓይኗ፣ በመጨረሻ ስሙን ጠርታ ከለከለችው። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ወረደና አክስትየዋ ፊት ቆቡን አወለቀ።

«እትዬ፣ ውለታ ይዋሉልኝ» አለ። «ይሳፈሩልኝ።»

«እኔ ከባድ ነኝ፣ ልጄ። በዛሬ ቀን መኪናችሁን አልሰብርም» አለች።

«እሷን ከባድ ሰው አላስቸገራትም። ባዶነቱ ነው ያስቸገራት። እንዲህ የምትዘለው እርስዎን አጥታ ነው።»

አክስትየዋ ሰው ላይ እንዳልከብድ፣ ሰው እንዳላጣብብ ስትል በየጥጉ መቆም የለመደች ሴት ናት። በክብደቷ የምትፈለግበት ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። ከዚያ ሳቅ ጀመራት። ትከሻዋ እስኪነቃነቅ እየሳቀች ከዘራዋን ለሚዜው አስይዛ ሙሽሪት ጎን ገባች። ሹፌሩም በዚህ አልተመለሰም። ያ በክራንች የሚሄድ ሰውዬ ለመታጠብ መጥቶ ሠርገኛው እስኪያልፍ አጥር ተደግፎ ነበር፤ ጠራው። ጉልበታቸውን የያዙ ሁለት ወፈር ያሉ የሠርግ እንግዶችም ነበሩ፤ ጠራቸው። ሦስቱም ፊቱን ወደኋላ ባዞረው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። መኪናዋ ከሥር ዝርግ አለች።

ቁልቁለቱን እንደ ጀልባ ወረደችው፣ ሲስተር። አንድ አበባ አልረገፈም። ኋላ የተቀመጡት ፊታቸው ወደ ሠርገኛው ስለሆነ ከዘፋኙ ጋር ፊት ለፊት እያጨበጨቡ ወረዱ፤ ያ ወደኋላ የዞረ ወንበር ለምን እንደተሠራ ያን ቀን ታወቀ። ክራንች ያለው ሰውዬ በክራንቹ ወለሉን እየመታ ከበሮ አደረገው። አክስትየዋ ሙሽሪትን በአንድ እጇ አቅፋ እልልታዋን ስትለቀው ገደሉ መለሰላት።

መታጠፊያው ላይ ባለቤቲቱ አንዱን ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ጠበቀቻቸው። ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር። ልጇ በአክስቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ስትስቅ አየቻት። እህቷን እንዲህ ስትስቅ ያየቻት መቼ እንደነበረ ማስታወስ አቃታት። አክስትየዋ ጎንበስ አለችና «ነይ ተሳፈሪ እንጂ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽን» አለቻት። ባለቤቲቱ ጫማዋን እንደያዘች ወጥታ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። ትንሽ እንደሄዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ባሌስትራውን መቼ እንዳስቀየረው ጠየቀችው። አንድም ብሎን አልነካሁም አላት። ድንኳኑ እስኪደርሱ ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቀችውም፤ የድሮውን ባሌስትራም ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም።

ያቺ መኪና ዛሬ ባዶዋን አትሄድም። የክብር እንግዳ ሲመጣ ሹፌሩ አስቀምጦት በሩ ላይ ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ አብሮ የሚወርድ ይጠራል። እንግዳውም ሸሚዙ ሳይበላሽ፣ የሰው ወሬ እየሰማ ይወርዳል። ባለ ክራንቹ የፊተኛው ወንበር ባለርስት ሆኗል ብለው ነግረውኛል።

አንቺም ያቺ መኪና ነሽ፣ ሲስተር። ጉልበትሽ አላለቀም። አልቆ ቢሆን ቁጢጥ ትዪ ነበር እንጂ እንጣጥ አትዪም ነበር። ያ ሁሉ በሽተኛ፣ ያ ሁሉ ልጅ፣ የእናትሽ አልጋ ብረት በብረት ላይ ሲደርብልሽ ኖረ። አሁን ጭነቱ ወረደ፤ ብረቱ ግን አለ። በትንሽ ጠጠር የምትዘይው ለዚያ ነው። ልጆችሽ እኛ ዘንድ መጥተሽ እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ ሲሉሽ ከፍቅር ነው፤ ግን ባሌስትራዋን አውልቁላት ማለታቸው ነው። አንቺ ደግሞ የታጠበ መጋረጃ ደግመሽ ታጥቢያለሽ፣ ቁምሳጥኑን አውጥተሽ ትመልሻለሽ፣ ስለ አጥር ትሟገቻለሽ። እሱ አሸዋ ነው። ለጊዜው ያረጋጋል። ሰው በእግሩ እየሄደ አሸዋ መጫን ግን ላንቺ አይገባም።

ያቺ ስለ አጥሩ የምትጣያት አራስ እናቷ ሩቅ አገር ናት አይደል? የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እሷም አብራው ታለቅሳለች ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺ ደግሞ ስንቱን ሕፃን ተቀብለሽ ዝም ያሰኘሽ ሴት በአጥሩ ማዶ ቁጭ ብለሽ ልቤ ለምን ይመታል ትያለሽ።

ነጠላሽን ስትፈልጊ አየሁሽ፤ ከወንበሩ ጀርባ ላይ ነው ያለው። ሂጂ፣ እኔም ጨርሻለሁ። ግን በሩን ስታንኳኪ ልረዳሽ መጣሁ እንዳትያት። ደክማለች፤ ሰው ላይ ከበድኩ ብላ ታፍራለች። ሹፌሩ እንዳለው በያት። «ውለታ ዋይልኝ፣ ልጅሽን ትንሽ ልያዘው» በያት። እውነትሽንም ነው።